ከአምስተኛው በኋላ

ትሬንታ ይ ትሬስ
እሑድ፣ ጁን 29 ቀን 2025

ውድ ኔሊዳ፣

«ይህ ማሽን የሚደክመው እኔ ስመጣ ብቻ ነው» አሉ ዶን ኤርሜስ ፔሬይራ፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ፣ ክሊኒኩ በር ላይ በተኮለኮለው ሰልፍ መካከል ቆመው። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። አንዲት ሴትዮ «እርስዎን አይቶ የማይደክም ማን አለ?» አለቻቸው። እኔ አልሳቅኩም። ቀልድ እንደማይገባኝ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰውዬው ማሽኑ የሚደክመው እኔ ስመጣ ነው ካሉ፣ ማሽኑ የሚደክመው እሳቸው ሲመጡ ይሆናል ብዬ አመንኳቸው። ይህ ሁሉ ወረቀት ከዚያ የመጣ ነው።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። በስልክ ግን አንቺ «እንዴት ነህ?» ትያለሽ፣ እኔ «ደህና ነኝ» እላለሁ። «ዝናቡስ?» «እየዘነበ ነው።» «ውሻውስ?» «ደህና ነው።» ከዚያ አንቺ እዚህ ያለውን የግድግዳ ሰዓት ታዳምጫለሽ፣ እኔ እዚያ ያለውን። ስለዚህ እነዚህን አስቀድሜ ልጨርሳቸው፦ ጤናዬ እንደ ዕድሜዬ ነው፣ ዝናቡ ዘንቧል፣ ውሻው ወንበርሽን ወርሷል። አብረሻት ያለሽው የኦዴቴ ጉልበት እንደተሻለው ተስፋ አደርጋለሁ። ፓይሳንዱ እንደኛ አይበርድም ይላሉ። እንደዚያ የሚሉት ግን የፓይሳንዱ ሰዎች ናቸው።

ዶን ኤርሜስን ታስታውሺያቸዋለሽ። የልጅ ልጃቸውን ሦስተኛ ክፍል አስተምረሻታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሩዝ ማሳ ውሃ ሲጠብቁ ኖረው አሁን ሰማንያ አንድ ሞላቸው፤ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ሞንቴቪዴዮ ለቀዶ ጥገና ተራ ደርሷቸዋል። ተራው የሚጸናው ግን ከኛ ክሊኒክ የሕክምና ታሪካቸው ታትሞና ማኅተም ተደርጎበት የሚሰጥ ወረቀት እስከ አርብ ጁን 27፣ ስድስት ሰዓት ድረስ ከገባ ነው። ካልገባ የሚቀጥለው ዓመት ነው። «በሚቀጥለው ዓመት» አሉኝ «አንተን ከባሕር ዛፍ አልለይህም። አሁንም የምለይህ ባሕር ዛፍ ስለማያስነጥስ ነው።» ሦስት ጊዜ ተሰለፉ። ሦስት ጊዜም ማሽኑ፣ የመዝገቡ ኮምፒውተር፣ ደቂቃ ሙሉ አሰበና ባዶ ገጽ ሰጠ። ግላዲስ በመስኮቷ ቀዳዳ «ዛሬም አልመጣም ዶን ኤርሜስ፣ ነገ ይሞክሩ» አለቻቸው።

ግላዲስን ስለማታውቂያት ልንገርሽ፦ የመዝገብ መስኮቱ ሠራተኛ ናት፤ «ቀጣይ!» በማለት ጡረታዋ የደረሰ ሴት። ገብቼ ጠየቅኳት።

«ግላዲስ፣ ይህ ማሽን ዶን ኤርሜስን ለይቶ ነው እንዴ የሚጠላው?»

«እሳቸውን ብቻ? ዘጠና ዘጠኞችን ሁሉ ነው እንጂ።»

«ዘጠና ዘጠኞች እነማን ናቸው?»

ወደ መስኮቱ የዞረ ፊቷን ወደኔ መለሰችው። «ሚልተን፣ ሃያ ስድስት ዓመት የዚህ ቤት የመረጃ ቋት ጠባቂ ነህ። አሁን ነው የምትጠይቀኝ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሰው ማኅደሩ ላይ የሚኖርበት ቦታ ቁጥር አለው። በሰባዎቹ የተመዘገቡት የሩዝ ሠራተኞች ግን በየካምፑ ስለሚዞሩ፣ ያኔ የነበረው ጸሐፊ ለሁሉም ዘጠና ዘጠኝ ሰጣቸው። «ቦታው ያልታወቀ» ማለት ነው። ሌላው መንደር ሁሉ መቶ ሰው፣ ቢበዛ ሁለት መቶ ሰው አለው። ቦታው ያልታወቀው ቦታ ግን አሥራ አንድ ሺህ ሰው ይኖርበታል። ግማሾቹ ሞተዋል፤ የሰረዛቸው የለም።

«ከአምስተኛው ሰው በኋላ የሚመጣ ዘጠና ዘጠኝ አይወጣለትም» አለችኝ ግላዲስ። «ከአምስቱ ውስጥ ከገባ ወዲያው ይወጣል። ይኸው ነው።»

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«ሰልፉ።»

በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ሄጄ አየሁ። ኔሊዳ፣ ከክሊኒኩ በር ጀምሮ በእግረኛው መንገድ ላይ ፔርሙሶች ተሰልፈዋል። ሰው የለም፤ ፔርሙስ ብቻ፣ ልክ እንደ ሰው ትከሻ ለትከሻ። ባለቤቶቹ ማዶ የአውቶቡስ መጠለያው ሥር ተቃቅፈው ይንቀጠቀጣሉ። ተራውን የሚይዘው ፔርሙሱ ነው፤ ሲነጋ በዚያው ተራ የሰልፍ ቁጥር ይታደላል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ፔርሙሶች የዘጠና ዘጠኝ ፔርሙሶች ናቸው፤ ከስድስተኛው ጀምሮ ያሉት ዘጠና ዘጠኞች ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። አንድ የማውቀው ጡረተኛ «ሲልቬራ፣ አንተም ቦታህ ጠፋብህ?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ለዓመታት እንዲህ ሆኖ ኖሯል፤ እኔ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እየገባሁ ፔርሙሶቹ ከተነሡ በኋላ ነው ሥራ የምጀምረው።

ዶን ኤርሜስ ከአምስቱ ውስጥ መግባት አልቻሉም። ቤታቸው ከከተማው ውጭ ነው፤ የመጀመሪያው አውቶቡስ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው። በማርች በእግራቸው ሞክረው ነበር፤ ሦስት ኪሎ ሜትር በጨለማ፣ ያንን ዓይን ይዘው። ከቦይ ውስጥ ያወጣቸው የወተት መኪና ነው።

አሁን የማሽኑን ነገር ላስረዳሽ። አስተማሪ ስለነበርሽ ይገባሻል፤ ካልገባሽም ጥፋቱ የተማሪው ሳይሆን የአስተማሪው ነው ትይ ነበር።

የግላዲስ ፕሮግራም ከመረጃ ቋቱ ጋር ፊት ለፊት አይነጋገርም። በመካከላቸው ድራይቨር የሚባል አማላጅ አለ። ግላዲስ «በዚህ ቦታ የሚኖር፣ የቤተሰቡ ስም ይህ የሆነ ሰው ታሪኩ ይምጣ» ስትል፣ ድራይቨሩ ጥያቄውን ቦታውንና ስሙን ባዶ አድርጎ ቋቱን በያዘው ዋና ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ዘንድ አንዴ ያስቀምጠዋል፤ መጠሪያም ያወጣለታል። ከዚያ ወዲያ ሙሉውን አይደግምም። «ያችን የነገርኩህን፤ ቦታው ይህ፣ ስሙ ይህ» ብቻ ይላል። ተሰናድታ የተቀመጠች ጥያቄ ናት። ስንፍና እንዳይመስልሽ፤ የዓለም ግማሽ የሚሠራው በዚህ ነው።

ሰርቨሩ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጊዜ ማን እንደመጣ አይቶ ያስባል። መቶ ሰው ያለው መንደር ከመጣ በቦታ በኩል ገብቶ ይፈልጋል። ዘጠና ዘጠኝ ከመጣ «ኧረ አሥራ አንድ ሺህ!» ይልና በስም በኩል ይገባል። ከአምስተኛው በኋላ ግን ዞር ብሎ ያሰላል፦ በየጊዜው ማሰቤ ምን ጠቀመኝ? ለአማካይ ሰው የሚሆን አንድ መንገድ ያበጅና ከአምስቱ አማካይ ድካም ጋር ያስተያየዋል። መንገዱ የቀለለ ከመሰለው እሱኑ ይይዛል። ከዚያ ወዲያ የመጣው ማን ይሁን ማን ቀና ብሎ አያይም። በቦታ በኩል ይገባል፤ ዘጠና ዘጠኝ ሲመጣም አሥራ አንድ ሺህ ሰው አንድ በአንድ እያነሣ፣ ሙታኑን ጨምሮ፣ የእያንዳንዱን ታሪክ ያገላብጣል። ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጅበታል። የግላዲስ ፕሮግራም የሚታገሠው አንድ ደቂቃ ነው።

ግላዲስ ማታ ስትወጣ፣ እናቷ ጋዝ መዝጋት እንዳስተማረቻት፣ ፕሮግራሙን ትዘጋለች። ጧት ስትከፍተው ሰርቨሩ የትናንቱን ሁሉ ረስቶ አምስቱን ሀ ብሎ ይጀምራል። ሰልፉ ይህን ያወቀው ያለ መጽሐፍ ነው።

በጣም የከፋውን ግን ሰልፉም አላወቀውም። ለዘጠና ዘጠኝ በእውነት ሲታሰብ ድካሙ ከሌላው ስለሚበዛ፣ አምስቱ ሁሉ ዘጠና ዘጠኝ ሲሆኑ አማካዩ ሽቅብ ይወጣል። አማካዩ ሲወጣ ሰርቨሩ «ማሰብ ውድ ነው» ብሎ ይተዋል። ማለትም ለኋለኞቹ በሩን የሚዘጉት በብርድ ቀድመው የመጡት የገዛ ጓደኞቻቸው ናቸው። ይህን ለዶን ኤርሜስ መጠለያው ሥር ተቀምጠን ነገርኳቸው።

«እና ጥፋቱ የኛ ነው በለኛ» አሉ።

«የእናንተ አይደለም። የአማካዩ ነው።»

«አማካዩ የት ነው የሚኖረው?»

«የትም አይኖርም።»

«ታዲያ እሱስ ዘጠና ዘጠኝ አይደለም እንዴ? ለምን ይፈጥንለታል?»

ወሬውን ለማስቀየር ለምን ቦታዎን አናስተካክለውም አልኳቸው፤ አንድ አድራሻ ቢያስመዘግቡ ማሽኑ ያገኝዎታል። የማቴ ሻያቸውን መጥጠው አቀበሉኝ። «ግላዲስ የኖርኩበትን የሚመሰክር ወረቀት ያምጡ ትላለች። እኔ የኖርኩት ሩዙ ባለበት ነው። ሩዝ በየዓመቱ ማሳ ይቀይራል። ማንን ልጥራ ለምስክርነት፣ እንቁራሪቱን?»

የመመሪያውን መጽሐፍ ያነበብኩት ማዕድ ቤት፣ ውሻውን ከወንበርሽ አስነሥቼ ነው። «ከአምስተኛው በኋላ» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ቧንቧው ይንጠባጠብ ነበር። ባለፈው ዓመት ኤፕሪል እዚያው ቧንቧ ሥር ሳህን እያጠብሽ «ኦዴቴ ጋ ልሄድ ነው፤ የምመለስ አይመስለኝም» ያልሽኝ ትዝ አለኝ። እኔም ጋዜጣውን እንደያዝኩ «እሺ፣ ነገ አየዋለሁ» አልኩሽ። በእውነቱ ያ መልስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። ለሚያፈሰው ጣራ ሠርቷል፣ ለጋዙ ሠርቷል፣ ለወንድምሽ ብድር እንኳን ሠርቷል። አብዛኛው ጥያቄ ነገ የሚታይ ነበር። ወዴት ልወስደው እንደሆነ ገብቶሻል። አልወስደውም፤ ደክሞኛል፤ አንቺም በንጽጽር ትሰለቺያለሽ።

ዶክተር ኢቱራልዴ፣ ዳይሬክተራችን፣ ነገሩን እስከ ግማሽ አዳመጠኝ። «ሚልተን፣ አርብ ጡረታ ትወጣለህ። ያልተሰበረ ነገር አትጠግን።»

«ተሰብሯል እኮ ነው የምልህ።»

«ለአብዛኛው ሰው ይሠራል።»

«እሱን ነው የምልህ።»

በመጨረሻ «በራስህ ኃላፊነት» አለ። ስለ ሰልፉ ሳነሣለት ግን ነቃ። ጎረቤቶች በፔርሙሶቹ ምክንያት አቤቱታ አስገብተውበት ኖሯል። ከሰኞ ጀምሮ የንጋት ቁጥር እንደማይታደል፣ ማንም በፈለገው ሰዓት መጥቶ እንደሚስተናገድ የሚገልጽ ማስታወቂያ አርቅቄ ሰጠሁት። ምክንያቱን ሊሰማ ያልፈለገ ሰው ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አንብቦ ፈረመበት። በሩ ላይ ራሴ ለጠፍኩት፤ መጠለያው ሥር ላሉት፣ ማንበብ ለማይችሉትም አነበብኩላቸው። «ተኙ» አልኳቸው። «በዚህ ብርድ ሁለተኛ እንዳትመጡ። ከሰኞ ጀምሮ እንደ ሰው ተኝታችሁ፣ ቁርሳችሁን በልታችሁ ኑ።» አንዲት አሮጊት እጄን ሳመችኝ። እጅ የሚሳም ሥራ ሠርቼ ስለማላውቅ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

ሐሙስ ግላዲስ ዘግታ ከወጣች በኋላ አንዲት መስመር ጨመርኩ። ድራይቨሩ ጥያቄውን ሰርቨሩ ዘንድ እንዳያስቀምጥ፣ ይልቁንም በየጊዜው ከነቦታውና ከነስሙ ሙሉውን እንዲልክ ታዛለች። ሰርቨሩም በየሰዉ ከመጀመሪያው ማሰብ ግዴታው ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሰው ጥቂት ሺኛ ሰከንድ ይጨምርበታል፤ ከዚያ የበለጠ አይደለም። ይህን ሳነብ ትንሽ አፈርኩ።

ወዲያው ለዶን ኤርሜስ ደወልኩ።

«ነገ ይተኙ። በአውቶቡስ ይምጡና ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ መስኮቱ ጋ ይቅረቡ። ሌላ ሃያ ሰው ቢቀድምዎት እንኳን ይወጣልዎታል።»

«ባይወጣስ ሲልቬራ? ነገ እኮ የመጨረሻው ነው።»

«ይወጣል።»

«ሞክረኸዋል?»

«በወረቀት ላይ።»

«በወረቀት ላይማ እኔም አያለሁ።»

«ዶን ኤርሜስ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ይመኑኝ።»

ከዚያ «እሺ» አሉኝ። እሺ ሲሉኝ እንቅልፌ መጣ።

አርብ ጧት ወደ መስኮቱ ልወርድ ስል ዶክተር ኢቱራልዴ ቢሮ አስገባኝ። ቁልፍ አስረከብኩ፣ የይለፍ ቃሌ ተሰረዘ፣ ንግግር ተደረገ። ስሜ የተቀረጸበት ፔርሙስ ሰጡኝ። ከዚያ ስወርድ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ዶን ኤርሜስ ማኅተም ያረፈበት ወረቀታቸውን ፕላስቲክ ውስጥ ከተው በሩ ላይ ቆመዋል። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ሠርጋችንን ሳልቆጥር።

«ምን ያህል ፈጀ?»

«ግላዲስ ልታስነጥስ አፏን ከፈተች፤ ሳታስነጥስ ወጣ።»

«ተኙ ታዲያ?»

«አንተ ደግሞ» አሉና ትከሻዬን መቱኝ። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ነበር። ሌሊቱን ስለዘነበ ነገሬም አላልኩትም። የሰልፍ ቁጥራቸውን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው አስጨበጡኝ። «መታሰቢያ ይሁንህ። እኔ የተጻፈበትን አላየውም።» ሳላየው ኪሴ ከተትኩት። በዚያ መሐል ግላዲስ በመስኮቷ «ሚልተን፣ ስማኝማ፣ ሽማግሌው እኮ ዛሬ...» ስትል ሰማኋት፤ ግቢው ውስጥ ግን የስንብቴ ጥብስ ደርሶ ይጠሩኝ ነበር፤ በኋላ ለማለት እጄን አነሣሁላት። በኋላ ሁሉም ጠጥቶ ነበር። ወረቀቱ በፋክስ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሞንቴቪዴዮ እንደደረሰ ግን አረጋግጫለሁ፤ የቀዶ ጥገናው ቀን ጁላይ 16 ነው።

እንግዲህ ይህን ሠርቼ ወጣሁ። ብዙ አይደለም። ለአንድ ጊዜ ግን አንድ ሰው የተናገረውን ቃል በቃል ሰምቼ ሄጄ አየሁ፤ እንደተባለውም ሆኖ አገኘሁት። ነገ ሰኞ ነው። ነገ ጧት እግረኛው መንገድ ላይ አንድም ፔርሙስ አይኖርም፤ ስልሳ የሚሆኑ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በየአልጋቸው ናቸው። ይህን እያሰብኩ ነው ዛሬ ማቴዬን የጠጣሁት።

ነይ አልልሽም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፦ በሚቀጥለው እሑድ ስደውል ስለ ዝናቡ አትጠይቂኝ። ከዚህ በፊት ጠይቀሽኝ የማታውቂውን ነገር ጠይቂኝ፣ ምንም ይሁን። ጋዜጣውን አስቀምጬ፣ ቆሜ እመልስልሻለሁ። ካስፈለገ ጥቂት ሺኛ ሰከንድ ታገሺኝ።

በአውቶቡስ የላክሁልሽ ዕቃ ውስጥ የሜምብሪዮ ፍሬ ማርማላታ አለ፤ እኔው ነኝ የሠራሁት፤ ስለዚህ መጀመሪያ ለኦዴቴ አቅምሺ። ቧንቧው ተጠግኗል። የዶን ኤርሜስን የሰልፍ ወረቀት በዚህ ፖስታ ውስጥ ታገኚዋለሽ፤ ሌላ የማሳይሽ ምስክር ስለሌለኝ ነው።

ብርዱ በቀስታ ይለፍብሽ። ደጃፍሽ ክፉ አይርገጠው። የሚያዳምጥሽ ሰው አትጪ፣ እኔ ባልሆንም።

ያንቺው፣ ቃሉ አሁንም የሚሠራ ከሆነ፣
ሚልተን ሲልቬራ

ፖስታውን ላሽግ ስል ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ መነጽሬን አደረግኩ። ቁጥሩ ሦስት ነው፤ ከአምስተኛው በፊት።